ጨውና ውሃ ስለተገናኙ ባሕር አይሆኑም!

«ውሃ ያው ውሃ ነው!» የሚል ሰው አያጋጥማችሁም? እኔን በቀን ሁለቴ ያጋጥመኛል። አባባሉ ለሻይ፣ ለልብስ አጠባና ለገላ ያስኬዳል። ቀይ ባሕር ውስጥ ለተፈለፈለ ዓሣ ብትነግሩት ግን አይስማማም። ደግሞም ተከራክሮ ለማሳመን ጊዜ የለውም። እናንተ ነገሩን ሳትቋጩ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ ታገኙታላችሁ።

ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጨዋታችን ስለ አኳሪየም ነው። በየሆቴሉና በየካፌው የለመድነውን የወርቅማ ዓሣ መስታወት ማለቴ አይደለም። እሱ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር፣ ብዙ የማያስቸግር ፍጡር ነው። የማወራችሁ ስለ ባሕር አኳሪየም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን የ«ኔሞ» ካርቱን ያየ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው፣ ብርቱካናማ ገላው ላይ ነጭ መቀነት የታጠቀው ዓሣ የሚኖርበት ማለት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነችኝ አንዲት ወጣት ናት። ስሟን አልጠራም፤ እሷም አልፈቀደች። ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች። አሠሪዎቿ ሳሎናቸው ውስጥ ግድግዳ የሚያህል የባሕር አኳሪየም ነበራቸው። ባለሙያው በየሳምንቱ ውሃውን ሊቀይር ሲመጣ ባልዲ የምታቀብለው እሷ ነበረች። ባልዲ እያቀበለች፣ እያየች፣ እየጠየቀች ሙያውን ከእጁ ቀማችው። አገሯ ስትገባም ሌላው ሽቶና ጫማ ሲጭን እሷ የውሃ መለኪያ ይዛ ገባች።

አሁን ሥራ አግኝታለች። አንድ የካፌ ባለቤት 200 ሊትር የሚይዝ የባሕር አኳሪየም እንድትሠራላቸው ተዋውለው ቀብድ ከፍለዋታል። ውሉ ላይ ግን አንድ እሾህ አለ፦ በሦስት ወር ውስጥ ዓሣ ከሞተ ከራሷ ኪስ ትተካለች። የቀብዱን ግማሽ ማጣሪያ ገዝታበታለች። ታዲያ ሰውየው አንድ ቀን ምን አሏት መሰላችሁ? «የኔ ልጅ፣ ቧንቧው እዚሁ ጓዳ አለ። ጨው ከሱቅ ላስመጣልሽ። ለምን የውጭ ጨው ግዙ ትይኛለሽ?»

ልጅቷ እኔ ዘንድ መጣች። «ጋሼ፣ እኔ ስነግራቸው ልጅ አወራች ይላሉ፤ ጋዜጣ ላይ ካነበቡት ግን ያምናሉ» አለችኝ። እንግዲህ ይኸው፣ እስቲ አብረን እንየው።

የሱቅ ጨው ምን አጠፋ?

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይላል ያገራችን ሰው። የሱቁ ጨው ለወጥ ይጣፍጣል። ችግሩ ባሕር ጨው ብቻ አለመሆኑ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ በአማካይ 35 ግራም የተለያየ ጨው ይሟሟል፤ ቀይ ባሕር ላይ ወደ 40 ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 85 ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ ማለትም እኛ ወጥ ላይ የምንነሰንሰው። ቀሪው ማግኒዚየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ናቸው። በአንድ ሊትር 1.3 ግራም ገደማ ማግኒዚየም፣ 0.4 ግራም ገደማ ካልሲየም አለ። ትንሽ ናቸው ብላችሁ አትናቋቸው። ኮራል አጥንቱን፣ ቀንድ አውጣው ቤቱን የሚገነባው በዚህ ካልሲየም ነው።

ሌላም ነገር አለ። የባሕር ዓሣ ውሃ ውስጥ እየኖረ ውሃ ይጠማዋል! ባሕሩ ከደሙ ይበልጥ ጨዋማ ስለሆነ ገላው ውስጥ ያለው ውሃ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይሸሻል። ስለዚህ ዓሣው ቀኑን ሙሉ ባሕሩን ይጠጣል፣ ትርፉን ጨው ያስወግዳል። የምትቀላቅሉለት ውሃ መታጠቢያው ብቻ ሳይሆን መጠጡም ነው ማለት ነው።

«ታዲያ የአፍዴራ ጨውስ? እሱም ከሐይቅ የወጣ አይደለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ጨው በፀሐይ ደርቆ ሲታፈስ የሚሰበሰበው በአብዛኛው ያው ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ ማግኒዚየሙ መራራው ዝቃጭ ውሃ ውስጥ ይቀራል። ለገበያ ሲቀርብ ደግሞ ለእንቅርት መከላከያ አዮዲን ይጨመርበታል። ለእኛ ደግ ነው፤ ባሕር ግን አይሠራም።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ሻላ ሐይቅ ሄደን በጄሪካን ብንቀዳስ?» አለኝ። ሻላና አቢጃታ ውሃቸው የሶዳ ነው። ፒኤች የሚባለው መለኪያ ባሕር ላይ 8.1 አካባቢ ሲሆን እዚያ 10 አካባቢ ይደርሳል። ጅቡቲ ያለው የአሳል ሐይቅማ ከባሕር አሥር እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ጨዋማ ሁሉ ባሕር አይደለም፣ በቃ!

በነገራችን ላይ ጭንቀቱ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1846 አና ታይን የተባለች የለንደን ሴት ከባሕር ዳርቻ ኮራል አምጥታ ቤቷ አኖረች። የባሕር ውሃ ከሩቅ ታስመጣ ነበር፤ እንዳይበላሽ ሠራተኛዋ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጠች አየር ታስገባበት ነበር። የእመቤቲቱ ስም እስከ ዛሬ ሲነሳ የሠራተኛዋ አይነሳም። ባልዲ የምታቀብል ልጅ ያን ጊዜም ነበረች ማለት ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1854 ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የባሕር ውሃን ቤት ውስጥ ለመሥራት የሚያስችል ቅመራ አሳተመ። እሱ እንኳ በዚያን ዘመን የወጥ ጨው ብቻውን አይበቃም ብሎ የማግኒዚየምና የፖታሲየም ጨዎችን ጨምሮበታል።

እሺ፣ ውሃው ከየት ይቀዳ?

ወደ ዋናው ነገር ገባን። አማራጮቹን በተራ እንያቸው።

የቧንቧ ውሃ፦ የአዲስ አበባ ቧንቧ ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳ፣ ከድሬና ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። ለእኛ ደኅንነት ሲባል ክሎሪን ይደረግበታል። ያው ክሎሪን የዓሣውን ስንጥቅ ያቃጥላል። አየር እየተነፋበት 24 ሰዓት ቢያድር ይበናል፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባለው መድኃኒትም ያጠፋዋል። በአንዳንድ አገር ግን በክሎሪን ፈንታ ክሎራሚን ይጨመራል፤ እሱ ዝም ብሎ በማደር አይለቅም። ውጭ ያላችሁ አንባብያን ይህን ልብ በሉ።

ክሎሪኑ ቢወጣስ? የመዳብ ቧንቧ ያለበት ቤት መዳብ፣ አሮጌ የብረት ቧንቧ ያለበት ደግሞ ዚንክ ይቀራል። መዳብ ዓሣው ትንሽ ቢችለው እንኳ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን በጣም በጥቂቱ ይጨርሳል። ናይትሬትና ፎስፌት ካለ ደግሞ መስታወቱ በአረንጓዴና በቡናማ ልጋግ ይሸፈናል። «አፈላዋለሁ» አትበሉ። ማፍላት ተሐዋሲን ይገድላል እንጂ ብረትን አያተንም፤ እንዲያውም ውሃው ሲቀንስ የቀረው ይወፍራል።

የጉድጓድ ውሃ፦ ሽንት ቤት አጠገብ ከተቆፈረ ናይትሬት አያጣውም። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ደግሞ ፍሎራይድ ይበዛል። ሳይመረመር አይሞከርም።

የዝናብ ውሃ፦ ከሰማይ ሲወርድ ንጹህ ነው፤ ጣራችሁ ላይ ሲያርፍ ግን የቆርቆሮውን ዚንክ፣ የወፉን ኩስና የከተማውን ጭስ አጥቦ ይወርዳል። ይቅርባችሁ።

የታሸገ ውሃ፦ «ሀይላንድ» የምንለው ሁሉ አንድ አይደለም። የተፈጥሮ ማዕድን ያለውም፣ ተጣርቶ የተመጠነውም አለ። ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለ20 ሊትር ያስኬድ ይሆናል፤ ለ200 ሊትር ግን ኪስ ያራቁታል። አምቦ ውሃማ ጭራሽ! ጋዙ ፒኤቹን ያወርደዋል፤ ለእናንተ ሆድ ይሻላል።

የባትሪ ውሃ፦ ዲስትልድ የሆነው ጥሩ ምንጭ ነው። ግን ተጠንቀቁ! መደርደሪያው ላይ ከጎኑ የሚቀመጠው የባትሪ አሲድ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ዓሣውን ብቻ ሳይሆን እጁንም ያጣል።

የተፈጥሮ ባሕር ውሃ፦ ጅቡቲ ሄዶ መቅዳት የሚያምረው አለ። ከአዲስ አበባ በባቡር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 100 ሊትር የባሕር ውሃ ከ102 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ወደብ አጠገብ ከቀዳችሁት ናፍጣና ቆሻሻ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ንጹህ ቢሆን እንኳ በውስጡ ያሉት ደቃቅ ፍጥረታት ጄሪካን ውስጥ ሞተው ይበሰብሳሉ። ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ይሠራል፤ ለእኛ አይሆንም።

የማጣሪያ ውሃ፦ አርኦ ይሉታል፤ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማለት ነው። ውሃውን በግፊት እጅግ ቀጭን በሆነ ወንፊት ያሳልፈዋል። ልጅቷ የነበረችበት የባሕረ ሰላጤው አገር ሕዝብ ባሕሩን የሚጠጣው በዚህ ዓይነት መንገድ እየተጣራለት ነው። የእኔ ምርጫም የእሷም ምርጫ ይኸው ነው። ቤቷ ሄጄ በመለኪያዋ አብረን ለካን። ከቧንቧው የቀዳነው ላይ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ወጣ፤ ተጣርቶ የወረደው ላይ 3 አለ። እሷ ሳቀች፤ እኔም የምለው አጣሁ።

እንከን የለውም ወይ? አለው እንጂ! የተለመደው የቤት ማጣሪያ 1 ሊትር ንጹህ ሲሰጥ 3 ወይም 4 ሊትር ወደ ውጭ ይለቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ያሳፍራል። እሷ ግን መላ አላት፦ የተለቀቀውን በርሜል አጠራቅማ ወለልና ሽንት ቤት ታጥብበታለች። ግፊቱ ለደከመበት ሰፈር ደግሞ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል።

አደባለቁን አትርሱ

ለ200 ሊትር 7 ኪሎ ገደማ ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይገባል። የሚቀላቀለው በሌላ ንጹህ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ፓምፕ እያማሰለው፣ ከአንድ ቀን በፊት ነው። ዓሣ ያለበት መስታወት ውስጥ ጨው መበተን ሰው ዓይን ውስጥ በርበሬ እንደመበተን ነው። ክብደቱን በሃይድሮሜትር ለኩ፤ 1.025 አካባቢ ይሁን።

ብዙ ሰው የሚስተውን ልንገራችሁ። ውሃ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። ከ100 ሊትር ውስጥ 10 ሊትር ቢተን የቀረው ከ35 ግራም ወደ 39 ገደማ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚጨመረው የተጣራ ንጹህ ውሃ ብቻ ነው። ጨው ያለበትን ከጨመራችሁ በየሳምንቱ ባሕሩን እያከረራችሁት ትሄዳላችሁ። የጨው ውሃ የሚገባው አሮጌውን ቀድታችሁ ስትቀይሩ ብቻ ነው።

ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። አየሩ ሳስቷል፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የውሃውን ፊት የሚያናውጥ ጠንካራ ፓምፕ ይኑራችሁ። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ዓሣው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋል። ማሞቂያም፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያም አስቡ።

በመጨረሻ ትዕግሥት። ውሃው ቢሰናዳም ዓሣ ወዲያው አይገባም። የዓሣ ሽንትና ኩስ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያውን የሚበሉት ተሐዋስያን ድንጋዩ ላይ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ደንበኛ «ዓሣው ጾም ገባ እንዴ?» ብሎ ይቀልድ ይሆናል። ይቀልድ!

የእኔ ምክር

ልጅቷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሰውየውን ላስደስት ብዬ የሱቁን ጨው ልቀበል?» መልሴ አይሆንም ነው። እህቴ፣ ውሉን እንደገና አንብቢው። ዓሣው ቢሞት የምትከፍይው አንቺ ከሆንሽ፣ ውሃውንና ጨውን የምትመርጪውም አንቺ መሆን አለብሽ። ይህን በጽሑፍ አስገቢ። የስድስት ሳምንቱንም ጥበቃ አስገቢ፤ ሦስት ወሩ የሚቆጠረው ዓሣ ከገባበት ቀን ይሁን። አሻፈረኝ ካሉ ማጣሪያው ንብረትሽ ነው፤ ያጎደልሽውን ቀብድ ቀስ ብለሽ ሞልተሽ መልሺላቸው። ገንዘብ ይመለሳል፤ የመጀመሪያ ሥራዋ ላይ ዓሣ ጨረሰች የተባለ ስም ግን በዚህ ከተማ ቶሎ አይታጠብም።

እርስዎም ጋሼ፣ ይህን ካፌዎ ቁጭ ብለው እያነበቡ ከሆነ አንድ ነገር ልበልዎት። ማኪያቶዎን በጨው ውሃ አፍልቶ የሚያቀርብ ባለሙያ አይቀጥሩም። የማሽኑን ነገር ለሠራተኛዎ እንደሚተዉት ሁሉ የባሕሩን ነገር ለልጅቷ ይተዉላት። ጨውን ከወጥ ቤት አያስወጡት!

በሉ፣ ደህና ሰንብቱ።