«ልጄ፣ አንተስ?»

ሲጋራ ለጤና ጎጂ መሆኑን የማያውቅ ሰው በካምፓችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እኔም አውቅ ነበር። በነርስነት ሰርተፊኬት ይዤ፣ እዚህ ካኩማ ክሊኒክ ውስጥ በኢንሴንቲቭ እየሠራሁ፣ ሕመምተኞችን «አታጭሱ» እያልኩ ራሴ በቀን አሥር ፍሬ አጨስ ነበር። የጀመርኩት በ19 ዓመቴ፣ በስደት መንገድ ላይ ነው። ሲጋራ ረሃብን ያስታግሣል፣ ሐሳብን ያስረሳል ይሉን ነበር። ረሃቡም ሐሳቡም አልቀሩም፤ ሲጋራው ግን 15 ዓመት አብሮኝ ቆየ።

አንድ ቀን አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጃቸው ሳል ይዞት አመጡት። ደረቱን አዳምጬ፣ ሕፃኑ በሚተኛበት ቤት ማንም እንዳያጨስ ስመክራቸው ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ አንተስ?» አሉኝ። ጣቶቼ ሲጋራ ሲጋራ ይሸቱ ነበር። መልስ አጣሁ። ማታ የራሴን ልጅ ከማቀፌ በፊት እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ፤ ሽታው ግን አልለቀቀም።

ለምን ይከብዳል?

ሲጋራ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ጭሱ በተሳበ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። አንጎል አንዴ ከለመደው ሲያጣው ይቆጣል። ንዴት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታትና ጭንቀት ይመጣሉ። ይህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል።

እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ 11 ቀን ቆየሁ። በ12ኛው ቀን ከአገር ቤት መርዶ መጣ። ሊያጽናናኝ የመጣ ወዳጄ አንድ ፍሬ ለኩሶ ሰጠኝ። «አንዷ ምን ታመጣለች?» አልኩ። በሳምንቱ ወደ አሥር ተመለስኩ። ያን ጊዜ ለራሴ «አንተ አትችልም» ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ብዙ ሰው ሲጋራን ለዘለቄታው የሚተወው ከአንድ በላይ ሞክሮ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ የጠቀመኝ

1. ቀን ቆረጥኩ። ለባለቤቴና ለሥራ ባልደረቦቼ ቀኑን ነገርኳቸው። ወዳጆቼንም «በለቅሶም በደስታም ሲጋራ አትስጡኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

2. ሲጋራ የሚያስታውሱኝን ነገሮች ለየሁ። የእኔ ሁለት ነበሩ፤ ቡናና ጫት። አቦሉን ጠጥቼ ወደ ውጭ መውጣት ልማዴ ስለነበር ከቡናው እንዳልነሳ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጥ ጀመር። ጫት ከሚቃምበት ቤት ግን ጨርሶ ቀረሁ።

3. ሀራራው ሲነሳ አልታገልኩም፤ አሳለፍኩት። አንዱ ሀራራ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ውኃ ቀስ ብዬ እጠጣለሁ፣ ቅርንፉድ አኝካለሁ፣ ወይም እስከ ቦኖ ደርሼ እመለሳለሁ።

4. የሲጋራውን ገንዘብ በጣሳ አጠራቀምኩ። በቀን አሥር ፍሬ ማለት በወር 300 ፍሬ ነው። የመጀመሪያው ወር ገንዘብ ለልጄ ጫማ ሆነ።

የኒኮቲን ማስቲካና ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኒኮቲንም ይረዳሉ። ማግኘት የቻለ አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ያማክር።

«አሁንማ ረፍዷል» ለሚሉ

አልረፈደም። ሲጋራ በቆመ በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት መርጋት ይጀምራል። በወራት ውስጥ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ይቀንሳሉ። በአንድ ዓመት በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ አደጋ ከአጫሽ ሰው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በአሥር ዓመት ገደማ በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋም እንዲሁ።

ማጨስ ለሳንባ ነቀርሳም (ቲቢ) ያጋልጣል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ያለው፣ ደም የቀላቀለ አክታ የሚተፋ ወይም ሌሊት የሚያልበው ሰው «የሲጋራ ሳል ነው» ብሎ አይተወው። ሳይውል ሳያድር መጥቶ ይመርመር።

እኔ ሲጋራ ከተውኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ለቅሶ ቤት ስቀመጥ አሁንም አንዳንዴ ያምረኛል። ያን ጊዜ ተነስቼ ውኃ እቀዳለሁ፤ እስክመለስ ያልፋል።

ውድ አንባብያን፣ ማቆም ከፈለጋችሁ ወደ ክሊኒክ ኑ፤ ጀምራችሁ ያቋረጣችሁም ብትሆኑ። ማንም አይቆጣችሁም። የሚያነጋግራችሁ ሰው ምናልባት እኔ እሆናለሁ፤ «አንተስ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ አሁን መልስ አለኝ።