ከመዝገብ የቀሩ ሕፃናት

ከአውቶቡስ ተራ በተነሣ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ስምንት ዓመት ያለፈውን ልጇን እንደ ጨቅላ በነጠላ አዝላ ስትገባ፣ ረዳቱ የልጁን ቁመት በዐይኑ ለክቶ «እናት፣ የሁለት ሰው ክፈይ» ባላት ጊዜ፣ «እግሩማ ቢታዘዝለት እኔስ መች አዝለው ነበር!» ብላ ያለ ቍጣ የመለሰችው ቃል እነሆ ይህን ሐተታ እስክጽፍ ድረስ ከጆሮዬ አልወጣም።

እስከ ሕክምናው ደጃፍ አብሬያት ስሄድ ስለ ድካሟ አላማረረችም፤ እንደ ቀልድ አድርጋ ያወጋችኝ ሌላ ነገር ነው። «ከወረዳው መዝጋቢ መጥታ ‹በቤቱ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?› ስትለኝ ‹የለም› አልኋት። ምን ልበላት? እርሱ እኮ ይሥቃል፣ ይዘፍናል፣ የጎረቤቱን ሁሉ ስም ያውቃል፤ እግሩ ብቻ ነው እንቢ ያለው።» ጥቂት ዝም ብላም፣ «ደግሞስ ጽፋ ወስዳ ምን ልታመጣልኝ?» አለች።

እንዲህ ያለው «የለም» በየቤቱ ሳይባል አልቀረም። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ ከሕዝባችን መካከል አካል ጉዳት ያለበትን ከመቶ 1 ገደማ ብቻ አድርጎ ሲያስነብብ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2003 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ በመላው ዓለም ከመቶ 15 የሚሆነው ሰው ከጉዳት ጋር እንደሚኖር ገልጸዋል፤ እንግዲህ ፈጣሪ ሀገራችንን ከዓለም ሁሉ ለይቶ ካልማራት በቀር፣ ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት አጠያየቁ መሆን አለበት። «ጉዳተኛ አለ ወይ?» የተባለች እናት፣ ጥያቄው የእርግማንን ወሬና የጎረቤትን ሐሜት አስከትሎ ስለሚመጣባት ትሰውራለች፤ «ለማየት ይቸገራል ወይ? ለመስማትስ? ለመራመድስ?» ብትባል ግን እውነቱን ትናገራለች።

እንዲህ ያሉ ልጆች ቀድሞ የት ይማሩ እንደ ነበር ለማየት ወደ አብነት ትምህርት ቤቶቻችን መለስ ብል ደስ የሚያሰኝ ነገር አገኘሁ፤ ገጼንም እንዲሻማብኝ ፈቀድሁለት። ቅኔና ዜማ በቃል የሚጠና በመሆኑ ዐይነ ስውር ተማሪ ከባልንጀሮቹ እኩል ተቀምጦ ይቀጽላል፣ ቅኔ ይቈጥራል፣ ይዘርፋል፤ ለመምህርነት የበቁም አሉ። «አራት ዐይና» የሚለው ማዕርግ የብሉዩን፣ የሐዲሱን፣ የሊቃውንቱንና የመነኮሳቱን መጻሕፍት ትርጓሜ አሟልቶ ለያዘ ሊቅ የሚሰጥ ሲሆን፣ ለአራቱ ዐይኖች ሁለቱ የሥጋ ዐይኖች ግዴታ አለመሆናቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ዳሩ ግን በጆሮ የቆመ ትምህርት መስማት ለተሳነው ሕፃን ዝግ ደጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሰበታ ላይ መርሐ ዕውራን ተከፈተ፤ በ1990ዎቹም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን ማዕከል ራሳቸው መሠረቱ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንዲደረግ ይደነግጋል፤ ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. ጸድቋል። «በፈቀደ መጠን» ሲተመን ስንት ብር እንደሚሆን አንድ ሹም ብጠይቅ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ይህ የእቅድ ክፍል ጉዳይ ነው» አሉኝ፤ የእቅድ ክፍሉም ወደ እርሳቸው መለሰኝ።

ላልተቈጠረ ሕፃን በጀት፣ የልዩ ፍላጎት መምህር፣ ተሽከርካሪ ወንበርም ሆነ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ፊዚዮቴራፒ የሚያስብለት የለም። «እርሱ ያድጋል፣ እኔ አረጃለሁ፤ ጀርባዬ ያው አንድ ነው» ብላኛለች እናቲቱ። በየማክሰኞው ትመላለሳለች፤ ለደርሶ መልስ የአራት ሰው ትከፍላለች። ልጁ አንደኛ ክፍል አልገባም።