የቤት ደላላ ፈቃድ ምን ያስችላል፣ ምንስ ይከለክላል

ጎርጎራ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በደምቢያ ምድር የተቆረቆረች ጥንታዊት ስፍራ ናት። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የቤተ መንግሥት መቀመጫ ነበረች፤ በኋለኛውም ጊዜ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚመጣው መንገደኛና ሸቀጥ ወደ ጎንደር የሚሻገርባት ወደብ ሆና አገልግላለች። በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው በ«ገበታ ለሀገር» ዕቅድ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ተመርጣ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶባታል።

እንግዳ በሚበዛበት ስፍራ ቤትና ቦታ ፈላጊ ይበረክታል፤ ፈላጊውንና ባለንብረቱን የሚያገናኝ ደላላም አይጠፋም። ስለዚህ ደላላው በምን ፈቃድ እንደሚሠራ፣ ፈቃዱም እስከ ምን ድረስ እንደሚያደርሰው ማወቅ ለነጋዴው ሕዝብ የሚበጅ ነው።

ድለላ በሕግ የታወቀ የንግድ ሥራ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ደላላን ሽያጭን፣ ኪራይን፣ ኢንሹራንስንና ይህን የመሰለውን ውል የሚዋዋሉ ወገኖችን ፈልጎ ማገናኘትን ሙያው ያደረገ ሰው ሲል ተርጕሞታል። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ቤት ማከራየትም ለግል ሰው ስለ ተከለከለ፣ የቤት ደላላው ገበያ ጠቦ ነበር። በኋላ የግል ቤት ሽያጭና ኪራይ ሲፈቀድ ሙያው ተመልሶ ተስፋፋ።

በዚህ ሙያ ሊሠራ የሚሻ ሰው እንደ ማንኛውም ነጋዴ የ2008 ዓ.ም. የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 የሚያዘውን መፈጸም አለበት። አስቀድሞ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያወጣል፤ ቀጥሎ በንግድ መዝገብ ይመዘገባል፤ ከዚያም ለሥራው ዘርፍ የተመደበውን የንግድ ፈቃድ ይቀበላል። ለእህል ንግድ ወይም ለሻይ ቤት የተሰጠ ፈቃድ ለድለላ አያገለግልም። ፈቃዱም በየዓመቱ የሚታደስ ስለ ሆነ፣ ያለ ቅጣት የሚታደስበትን ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለውን ጊዜ ማሳለፍ አይገባም።

ይሁን እንጂ ፈቃድ የያዘ ደላላ ሁሉን ነገር ለማሻሻጥ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት መሆኑን ደንግጓል። ሊሸጥ የሚችለው በመሬቱ ላይ የተሠራው ቤትና በሕግ የሚተላለፈው የይዞታ መብት ነው። በሐይቁ ዙሪያ የሚገኘው ገበሬ የይዞታ ደብተር ቢኖረውም መሬቱን የመሸጥ መብት የለውም። «ሐይቅ የሚያይ ቦታ አለ» ተብሎ በእርሻ መሬት ላይ ቀብድ የሚቀበል ሰው፣ ፈቃድ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ሕግ የማያውቀውን ዕቃ ማሻሻጡ ነው። ገዢው ገንዘቡን፣ ገበሬውም የልጆቹን እንጀራ ለአደጋ ይጥላል።

የቤቱ ሽያጭ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ የአፍ ስምምነት አይበቃም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ፈራሽ መሆኑን ይናገራል፤ በቁጥር 1723ም እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። የደላላው ምስክርነት የእነዚህን ምትክ አይሆንም።

የሙያው አካባቢም እየተለወጠ ነው። አዋጅ ቁጥር 1357/2017 የሪል ስቴት ልማትንና ግብይትን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ትመናንም በአንድ ሕግ ሥር አስገብቷል። ስለ ሆነም በልምድ ብቻ የሚተዳደረው ደላላ ሥርዓት ይዞ መገኘቱ ለራሱ ይጠቅመዋል።

ቤት የሚገዛ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፦ የደላላውን የታደሰ ፈቃድ፣ የሻጩን የይዞታ ማረጋገጫ፣ ከማዘጋጃ ቤትም ንብረቱ በዕዳ ወይም በእግድ አለመያዙን። ዋናውንም ክፍያ ውሉ በሕግ ፊት እስኪጸድቅ ያቆየው። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለታቸው ለቤት ገዢ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማ ምክር ነው።