የኬንያ የአስተዳደር አከፋፈል፦ ከፕሮቪንስ እስከ ካውንቲ

ቅጽ ስትሞሉ ወይም ደብዳቤ ስታስጽፉ «ካውንቲ»፣ «ሰብ ካውንቲ»፣ «ሎኬሽን» የሚሉ ቃላት ያጋጥሟችኋል። ቀደም ብለው በመጡ ቤተሰቦች እጅ በሚገኙ ወረቀቶች ላይ ደግሞ «ፕሮቪንስ» እና «ዲስትሪክት» ተጽፎ ይገኛል። ስሞቹ ለምን እንደተለያዩና የትኛው ጉዳይ የየትኛው ቢሮ እንደሆነ ያላወቀ ሰው፣ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ቀኑንም የመጓጓዣ ገንዘቡንም ያጣል። ስለዚህ በዚህ እትም የኬንያን የአስተዳደር አከፋፈል ከታሪኩ ጋር ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን

እንግሊዝ በ1895 አገሪቱን በጥበቃዋ ሥር አደረገች፤ በ1920 ኬንያ ቅኝ ግዛት ተባለች። አገሪቱ በፕሮቪንሶች፣ ፕሮቪንሶቹም በዲስትሪክቶች ተከፋፈሉ። በለመድነው አነጋገር ፕሮቪንስን ክፍለ ሀገር፣ ዲስትሪክትን አውራጃ ብንል ይቀርባል። በታችኛው እርከን ሎኬሽንን የሚያስተዳድረው ቺፍ ነበር። ቺፍ ሕዝብ የመረጠው ሳይሆን መንግሥት የሾመው ሲሆን፣ ዋና ሥራውም ግብር ማስከፈልና ጸጥታ ማስጠበቅ ነበር።

ሰሜኑ ለብቻው ይተዳደር ነበር። ዛሬ ጋሪሳ፣ ዋጂርና ማንዴራ የሚባሉት አካባቢዎች የሰሜን ድንበር ዲስትሪክት በሚባለው ውስጥ ነበሩ፤ ያለ ልዩ ፈቃድ መግባትም መውጣትም ክልክል ነበር። ቱርካናም እንደዚሁ ዝግ ነበረች። መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት በሰሜን እንደ ደቡቡ ሳይስፋፉ ከቀሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ከነጻነት በኋላ

ኬንያ ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ነጻነቷን አገኘች። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በስዋሂሊ «ማጂምቦ» የተባለ ሥርዓት ነበረው፤ ለየክፍሉ የራሱን ምክር ቤት የሚሰጥ ነበር። ይህ ግን ብዙ አልቆየም። በ1964 አገሪቱ ሪፑብሊክ ስትሆን ሥልጣኑ ወደ ናይሮቢ ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን 8 ፕሮቪንሶች ነበሩ፦ ናይሮቢ፣ ሴንትራል፣ ኮስት፣ ኢስተርን፣ ኖርዝ ኢስተርን፣ ኒያንዛ፣ ሪፍት ቫሊና ዌስተርን። የዲስትሪክቶቹ ቁጥር በ1992 በሕግ ቢወሰንም፣ በኋላ እየተጨመረ ከ200 በላይ ደረሰ። በ2009 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከሕጉ ውጭ የተቋቋሙት ሕጋዊ አይደሉም ሲል ወሰነ።

የ2010 ሕገ መንግሥት

ሕዝቡ ኦገስት 4 ቀን 2010 ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው ሕገ መንግሥት ፕሮቪንሶችን በ47 ካውንቲዎች ተካ። ካውንቲዎቹ የተመሠረቱት በ1992ቱ ሕግ በተወሰኑት ዲስትሪክቶች ላይ ነው። ሥራ የጀመሩት ከማርች 4 ቀን 2013 ምርጫ በኋላ ነው። ሕገ መንግሥቱ ከብሔራዊ ገቢው ቢያንስ 15 በመቶው ለካውንቲዎች እንዲከፋፈል ያዛል።

ካውንቲ ግን የኢትዮጵያን ክልል ዓይነት አይደለም። ኬንያ ፌዴራላዊ አገር አይደለችም፤ ካውንቲ የራሱ ሕገ መንግሥትም ሆነ የራሱ ፖሊስ የለውም።

ካኩማና ካሎቤየይ በቱርካና ካውንቲ፣ በቱርካና ዌስት ሰብ ካውንቲ ይገኛሉ፤ ቀድሞ በሪፍት ቫሊ ፕሮቪንስ ሥር ነበሩ። የዳዳብ ካምፖች በጋሪሳ ካውንቲ ውስጥ ሲሆኑ፣ ቀድሞ የኖርዝ ኢስተርን ፕሮቪንስ ነበሩ። ከነዚህም ሐጋደራ በፋፊ ሰብ ካውንቲ ውስጥ ናት።

ሁለቱ የሥልጣን መስመሮች

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ካውንቲ ውስጥ ሁለት መስመሮች አሉ።

አንደኛው ሕዝብ የመረጠው ገዥና የካውንቲው ምክር ቤት ነው። የንግድ ፈቃድ፣ ገበያ፣ የካውንቲ መንገድና ውኃ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት፣ እንዲሁም እንደ ሎድዋርና ጋሪሳ ያሉ የካውንቲ ሆስፒታሎች የዚህ ናቸው።

ሁለተኛው ናይሮቢ የምትሾመው ነው፦ የካውንቲ ኮሚሽነር፣ በሰብ ካውንቲ ምክትሉ፣ በዲቪዥን ረዳቱ፣ በሎኬሽን ቺፍ፣ በሰብ ሎኬሽን ረዳት ቺፍ። ፖሊስ፣ የልደት ምዝገባ፣ ኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጉዳይ የብሔራዊው መንግሥት ሥራ ነው። በ2021 ወጥቶ በፌብሩዋሪ 2022 ሥራ ላይ በዋለው የስደተኞች ሕግ መሠረት፣ ምዝገባንና የስደተኝነት ማመልከቻን የሚመለከተው የመንግሥቱ የስደተኞች አገልግሎት መምሪያ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ለመክፈት የምትሹ የካውንቲውን ቢሮ ጠይቁ፤ የመታወቂያ ወይም የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ጉዳይ ያላችሁ መምሪያውን ጠይቁ። የካውንቲ ገዥም ሆነ ቺፍ የስደተኝነት መብት ሊሰጥም ሊነሣም አይችልም። «ገንዘብ ከከፈላችሁ በካውንቲው በኩል አስፈጽማለሁ» የሚል ሰው ቢመጣባችሁ አትመኑት።

በመጨረሻም፣ በአሮጌ ወረቀታችሁ ላይ «ሪፍት ቫሊ ፕሮቪንስ፣ ቱርካና ዲስትሪክት» ተብሎ ቢገኝ ስሕተት አይደለም፤ በተጻፈበት ጊዜ ትክክለኛው ስም ይኸው ነበር። በእጃችሁ አትሰርዙት፣ አትደልዙትም። በአዲስ ቅጽ ላይ ግን የካውንቲውንና የሰብ ካውንቲውን ስም ጻፉ።