እውነት ወይስ ተረት? የ«ድራጎን ቦል» የመጀመሪያ ክፍል

የጃፓኑ አኒሜሽን «ድራጎን ቦል» ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነውን ጎኩን ብዙ ሰው የሚያውቀው ፀጉሩ ወርቅ መስሎ ከኃያላን ጋር ሲፋለም ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ያላየ ደግሞ ስለ ልጁ አጀማመር የሰማውን ሁሉ ያምናል።

ተረት፦ ታሪኩ የሚጀምረው በ«ድራጎን ቦል ዚ» ነው።
እውነት፦ «ዚ» ተከታይ ነው። የአኪራ ቶሪያማ የሥዕል ታሪክ «ሾነን ጃምፕ» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት መውጣት የጀመረው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ቶኤ አኒሜሽን የሠራው የመጀመሪያው ክፍል በፉጂ ቴሌቪዥን የታየው ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1986 ሲሆን፣ ተከታታዩ በ153 ክፍሎች አልቆ «ዚ» የተተካው በ1989 ነው።

ተረት፦ ጎኩ ከሌላ ፕላኔት መምጣቱ ከመጀመሪያው ይነገራል።
እውነት፦ በ153ቱ ክፍሎች ውስጥ እንዲህ የሚል የለም፤ ምስጢሩ የተገለጠው በ«ዚ» መክፈቻ ነው። ጭራው፣ በትሩና በኋላ የሚጋልባት ደመና የተወሰዱት «ወደ ምዕራብ ጉዞ» በተባለው ጥንታዊ የቻይና ልብ ወለድ ውስጥ ካለው የጦጣ ንጉሥ ነው።

ተረት፦ ድራጎን ቦል የሚባሉት ኳሶች የሚፈለጉት ዓለምን ለማዳን ነው።
እውነት፦ ሰባቱ ኳሶች ሲሰበሰቡ ዘንዶው ተገልጦ አንድ ምኞት ይፈጽማል። ኳሶቹን የሚጠቁም ራዳር የሠራችው የከተማዋ ልጅ ቡልማ የማያልቅ እንጆሪ ልመኝ ብላ ነበር፤ በመጨረሻ ግን የወንድ ጓደኛ ይሻለኛል አለች። ለጎኩ ባለ አራት ኮከቧ ኳስ ሀብት አይደለችም፤ የሞቱት አያቱ የጎሃን ማስታወሻ ናት። ዓለምን ልግዛ የሚለው ፒላፍ እንኳ የተፈጠረው ለማሳቅ ነው።

ተረት፦ ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር ፍልሚያ ነው።
እውነት፦ ይበልጡን ቀልድ ነው። በተራራ ላይ ብቻውን የሚኖረው ልጅ ሴት አይቶ አያውቅም። የቡልማን መኪና አውሬ መስሎት አንስቶ ይወረውራል፤ ደንግጣ ብትተኩስበትም ጥይቱ አይጎዳውም። ቡልማን ነጥቆ የሚበርረው ጭራቅ ሲመጣ ግን ያው ልጅ ይደርስላታል።

ተረት፦ የጎኩ የጃፓንኛ ድምፅ የወንድ ልጅ ነው።
እውነት፦ የማሳኮ ኖዛዋ ነው። ተዋናይቷ በ1936 የተወለዱ ሲሆን፣ ጎኩ አድጎ አባት ከሆነ በኋላም ድምፁ የእሳቸው ነው።

ፍርዱ አጭር ነው፤ ጎኩ በቡጢው ከመታወቁ በፊት የሚታወቀው በየዋህነቱ ነበር። ልጆችዎ «ዚ»ን ከወደዱ ከ1986ቱ አንደኛ ክፍል ያስጀምሯቸው።