ኩርባውና ክብደቱ

ከሚኤሶ ቆላ ተነሥቶ ወደ ጨርጨር ደጋ በመውጣት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠችውን ጭሮን፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪን፣ አልፎ ወደ ሂርናና ወደ ቁልቢ የሚዘልቀው መንገድ፣ ጫት የጫነውን አይሱዙም ሆነ ለታኅሣሥ 19 ክብረ በዓል ምእመናንን የሚያደርሰውን አውቶቡስ በየኩርባው ለአንድ ሕግ ያስገዛቸዋል፤ ይኸውም ሕግ በከተሞቻችን የፕሌይስቴሽን ቤቶች ወጣቶች በሚጫወቱት የመኪና እሽቅድምድም ውስጥ በቁጥር ተሰልቶ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓናዊው ካዙኖሪ ያማውቺና ባልደረቦቹ «ግራን ቱሪስሞ» የተሰኘውን ጨዋታ ሲያወጡ፣ ተጫዋቹ መኪናውን ከመንዳት አልፎ የሞላውን ጥንካሬ፣ የአሞርዛተሩን ኃይልና የአካሉን ከፍታ እንደ መካኒክ እንዲያስተካክል ፈቀዱለት። ብዙ ወጣቶች በጨዋታው ያገኙትን ገንዘብ ሁሉ ለሞተር ጉልበት ያውሉና ይህን የማስተካከያ ገጽ ሳይከፍቱ ያልፉታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከጨዋታው ሁሉ ለአእምሮ የሚበጀው ክፍል ይኸው ነው፤ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ደርቆ የሚታየው ትምህርተ ፍጥረት እዚህ በእጅ ይዳሰሳልና።

ምሥጢሩ እንዲህ ነው። መኪና ሲታጠፍ ጎማዎቹ መሬቱን ይዘው ወደ ኩርባው ውስጥ ይስቡታል፤ የክብደቱ ማእከል ግን ከመሬት ከፍ ብሎ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ሸክሙ ከውስጠኛው ጎን ወደ ውጭኛው ይሸጋገራል። 1200 ኪሎግራም የሚመዝን፣ የክብደት ማእከሉ በ50 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል 1.5 ሜትር ርቀት ያለው መኪና ከክብደቱ 0.6 በሚያህል የጎን ኃይል ቢታጠፍ፣ 240 ኪሎግራም ያህል ሸክም ይዛወራል፤ በየጎኑ 600 የነበረው ሚዛን ወደ 360ና ወደ 840 ይለወጣል። ይህን ድምር በዋናነት የሚወስኑት ከፍታውና ስፋቱ እንጂ የሞላው ጥንካሬ አይደለም። አስተካካዩ የሚችለው ዝውውሩን በፊተኞቹና በኋለኞቹ ጎማዎች መካከል ማከፋፈል ነው፤ ይህም ክፍፍል ታላቅ ኃይል አለው፤ ጎማ ሸክሙ እጥፍ ቢሆንበት የመሬት አያያዙ እጥፍ አይሆንለትምና። ስለዚህ ግራና ቀኙን የሚያያይዘው የፊት ብረት ቢጠነክር፣ ከዝውውሩ ብዙው በፊት ጎማዎች ላይ ይወድቃል፣ ሁለቱ በድምሩ የሚይዙት ይቀንሳል፣ መኪናውም መሪው ቢጠመዘዝ እንኳ አልታጠፍ ብሎ ወደ ኩርባው ውጭ ይሄዳል። የኋላው ብረት ቢጠነክር ግን የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይከዱና መኪናው ይሽከረከራል።

ሞላን በተመለከተ፣ ጀማሪ ተጫዋች ጠንካራው ሁሉ ፈጣን ይመስለዋል። መኪናው ሲጫነው 25 ሴንቲሜትር የሚሰምጥ ሞላ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል ያወዛውዛል፤ ይህን ወደ ሁለት ጊዜ ለማድረስ ሞላው አራት እጥፍ መጠንከር ይኖርበታል፣ ስምጠቱም ወደ 6 ሴንቲሜትር ይወርዳል። በተስተካከለ የውድድር አስፋልት ላይ ይህ መልካም ነው፤ በጎርባጣ ላይ ግን ጎማው ከመሬት ይነጠላል፣ የተነጠለ ጎማም ምንም አይይዝም። አሞርዛተር የተሠራው ውዝዋዜውን በዘይት አማካይነት ወደ ሙቀት ለውጦ እንዲያበርደው ነው።

በአይሱዙው ላይ ነገሩ ይከብዳል። ጭነቱ ተቆልሎ የክብደቱን ማእከል ወደ 1.5 ሜትር ቢያደርሰውና የጎማዎቹም ርቀት ያው 1.5 ሜትር ቢሆን፣ የክብደቱን ግማሽ በሚያህል የጎን ኃይል የውስጠኛው ጎማ መሬት ይለቃል፤ ሬዲየሱ 25 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ ይህ የሚደርሰው በሰዓት 40 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ አካሉ በባሌስትራው ላይ ሲያጋድል ደግሞ ከዚያም ቀድሞ። ባሌስትራ መደረብ ማጋደሉን ይቀንሳል፣ የጭነቱን ከፍታ ግን አያወርድም። በጨዋታው ውስጥ የመኪናውን አካል በአንድ ቁልፍ ዝቅ የሚያደርገው ወጣት ጭነቱን አሥሮ መንገድ ለጀመረው ሹፌር ያልተሰጠ ሥልጣን አለው፤ ለሹፌሩ የቀረለት ፍጥነቱ ነው፣ ያንኑ ኩርባ በ20 ኪሎሜትር ሲታጠፈውም የጎኑ ኃይል ወደ ሩቡ ይወርዳል።