በክፉ ቀን የተፀነሱ

ሐረሮች ስለ ሐኪም ጋራ የሚያወሩት አንድ ወግ አለ። ድሮ ረሃብ ገብቶ ከብቱም አውሬውም ሲያልቅ ጅቦች ሰው መብላት ጀመሩ። የከተማዋ ቅዱሳን፣ አውሊያዎቹ፣ ከጀጎል ግንብ በስተደቡብ ባለው በዚህ ተራራ ላይ ተሰብስበው መከሩ፤ ለጅቦቹም ገንፎ እንዲቀርብላቸው ወሰኑ። ዛሬም በየዓመቱ በአሹራ ዕለት ቅቤ የጠገበ ገንፎ ለጅብ ይቀርባል። ወጉ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ያከራክራል። ከተማዋ ግን ረሃብን የምታስታውስበት ቀን አላት። የሳይንስ ሰዎች ደግሞ ረሃብ ካለፈ በኋላ በዚያን ጊዜ ማህፀን ውስጥ በነበረው ልጅ አእምሮ ላይ ምን ይተዋል ብለው ይጠይቃሉ።

ጥያቄው በደንብ የተፈተሸው መጀመሪያ ሆላንድ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944–45 ክረምት፣ በጀርመን ጦር እገዳ ምክንያት፣ በምዕራብ ሆላንድ የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1000 ካሎሪ በታች ወረደ። ረሃቡ ሰው ሠራሽ ነበር፤ ለፅንሱ ግን ምግብ የጠፋው በጦርነት ይሁን በዝናብ እጦት ልዩነት የለውም። ሆላንዶች በዚያ መከራ ውስጥ እንኳ የራሽኑንም የልደቱንም መዝገብ አልተዉም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ እነ ኤዝራ ሰሰር በ1990ዎቹ መዝገቡን ከሆስፒታል ካርዶች ጋር አመሳከሩ። ረሃቡ በከፋበት ወቅት የተፀነሱት ሰዎች ካደጉ በኋላ ስኪዞፍሬንያ በተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የመያዛቸው ዕድል በእጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ቻይናም ይህንኑ አረጋገጠች። ከ1959 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. በዘለቀው ታላቅ ረሃብ ክፉኛ በተመታው የአንሁዊ ግዛት፣ ዉሁ በተባለ አካባቢ የተደረገ ጥናት በ2005 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ1959 ከተወለዱት ውስጥ በስኪዞፍሬንያ የታመሙት 0.84 በመቶ ነበሩ፤ በ1960 ከተወለዱት ግን 2.15 በመቶ ደረሱ።

ይህን ቁጥር ረጋ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። በክፉው ዓመት ከተወለዱ 100 ሰዎች 98ቱ ገደማ በዚህ ሕመም አልተያዙም። «የ77ቱ ረሃብ ልጅ ስለሆነ ነው» እያሉ ሰውን መፈረጅ ከድንቁርና አይለይም። ለአንድ አገር ግን ሁለት እጥፍ ማለት ሐኪም የሚሹ ብዙ ሺህ ተጨማሪ ሕሙማን ማለት ነው።

ረሃብ ይህን እንዴት ያደርጋል? አንዱ መንገድ ጊዜው ነው። አንጎልና አከርካሪ የሚሠሩበት የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ4ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን በማያውቁበት ጊዜ ማለት ነው። ያኔ ፎሌት የተባለው ቫይታሚን ከጎደለ ኋላ ቢበላም አይካካስም። ሁለተኛው የእናት ጭንቀት ነው። የእንግዴ ልጅ ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን የሚያከሽፍ ኢንዛይም አለው፤ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት ፕሮቲን ሲጎድል ይህ መከላከያ ይዳከማል። በመጨረሻም በዘረመሉ ላይ የሚለጠፉ ኬሚካላዊ ምልክቶች አሉ። በሆላንዱ ረሃብ ወቅት የተፀነሱ ሰዎች ላይ ከ60 ዓመት በኋላ እንኳ፣ ዕድገትን በሚመራ አንድ ዘረመል ላይ ምልክቱ ቀንሶ ታይቷል።

ምግብ ሳይጠፋ ጭንቀት ብቻውን ምን ያደርጋል ለሚለው ደግሞ ካናዳ ትጠቀሳለች። በጥር 1998 እ.ኤ.አ. የበረዶ ማዕበል ኩዊቤክን መታ፤ መብራት ከአንዳንዱ ቤት ለሳምንታት ጠፋ። ሱዛን ኪንግና ባልደረቦቿ ያኔ ነፍሰ ጡር የነበሩትን እናቶች ልጆች ለዓመታት ሲከታተሉ፣ መከራው የበረታባቸው እናቶች ልጆች በቋንቋና በአእምሮ ዕድገት ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ።

ወደ እኛ እንምጣ። የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ ተከትሎ የተደረጉት ጥናቶች በአብዛኛው የለኩት አካልን ነው። ስቴፋን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር ከ20 ዓመት በኋላ እንዳገኙት፣ ረሃቡ ሲከፋ ከ1 እስከ 3 ዓመት የነበሩ ልጆች ቁመታቸው ከሌሎቹ አጥሮ ቀርቷል። በራያ ቆቦ የተሠሩ ጥናቶችም በአብዛኛው በደም ግፊት፣ በስኳርና በውፍረት ላይ ያተኮሩ ናቸው። የአእምሮ ሕመምን በተመለከተ የቡታጅራው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰው አነጋግሮ ዓለም የሚጠቅሰው ሥራ ሆኗል፤ ይሁንና ዓላማው ማን እንደታመመና ሕመሙ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ እንጂ በማህፀን ስላለፈ ረሃብ መጠየቅ አልነበረም።

ለዚህ ጥያቄ ከሐረር የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ በሚሊኒየሙ ሰሞን በምሥራቅ ሐረርጌ ቀርሳ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ራሷ ሐረር ከተማ ውስጥ፣ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትንና ሞትን መመዝገብ ጀመረ። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ሳቢያ የደረሰው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው ለምግብ እርዳታ ሲዳርግ ምሥራቅና ምዕራብ ሐረርጌ በጽኑ ተመትተዋል። ያኔ የተወለዱት ዛሬ 10 ዓመት አካባቢ ናቸው። ስኪዞፍሬንያ አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚለው በአፍላ ወጣትነት ማብቂያና በሃያዎቹ ዕድሜ ስለሆነ፣ እነዚህ ልጆች አደጋው ወዳለበት ዕድሜ የሚገቡት ከ2026 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነው። ሆላንዶች ወደ ኋላ ተመልሰው ያመሳከሩትን እኛ ወደ ፊት እየተከታተልን ልናየው እንችላለን።

በእርግጥ አንድ የሚያውክ ነገር አለ፤ ጫት። በሐረርጌ ድርቅን የሚቋቋም፣ ገንዘብ የሚያመጣ ሰብል እሱ ነው፤ ነፍሰ ጡሮችም ይቅማሉ። አብዝቶ መቃም ደግሞ ራሱ ከአእምሮ መታወክ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ የእናትየውም የልጁም የጫት ልማድ ካልተመዘገበ የድርቁን ፈንታ ከጫቱ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

የጥናቱ ውጤት እስኪመጣ ግን መጠበቅ የማያስፈልገው ሥራ አለ። የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነፍሰ ጡር ሴት ከአካፋና ከዶማ ሥራ ወጥታ ቀጥተኛ ድጋፍ እንድታገኝ ይፈቅዳል። ደንቡ መልካም ነው፤ ሆዷ ገፍቶ ወይም ጤና ጣቢያ ሄዳ እርግዝናው ሲታወቅ ግን በጣም አስፈላጊዎቹ ሳምንታት አልፈዋል። ዝናብ በቀረበት ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማርገዟን ያወቀችውን ብቻ ሳይሆን ልታረግዝ የምትችለውን ሴት ሁሉ በአይረንና ፎሌት እንክብልና በተመጣጠነ ምግብ መድረስ አለባቸው። ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች የሚቀጥለው ድርቅ ሳይመጣ ይህን በእቅዳቸው ያስገቡት።